አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱስ? በሰው ሠራሽ ጉልበት ላይ የደረሰ ስብራት፣ የ5 ዓመት የጉዳይ ጥናት

ታካሚዋ በወደቁበት ጊዜ የ74 ዓመት እናት ነበሩ። የቀኝ ጉልበታቸው መገጣጠሚያ ከዚያ 9 ዓመት ቀደም ብሎ በሰው ሠራሽ ተተክቷል። ከመውደቃቸው በፊት ያለ ምርኩዝ ይራመዱ፣ ደረጃ ይወጡና ይወርዱ ነበር፤ ጉልበታቸውም ከ0 እስከ 115 ዲግሪ ይታጠፍ ነበር። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት በሽታ) ስላለባቸው ለዓመታት በየቀኑ 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን (ብግነት የሚቀንስ፣ ሲቆይ ግን አጥንት የሚያሳሳ መድኃኒት) ሲወስዱ ኖረዋል። አንድ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ እርጥብ ወለል አንሸራተታቸውና ጉልበታቸውን ከሥራቸው እንዳጠፉ ወደቁ። መነሳት አልቻሉም።

አጥንቱ ሁለት ቀዶ ሕክምና ጠይቆ በመጨረሻ ገጥሟል። ይህ ጥናት የሚያተኩረው ግን «ገጥሟል» ከተባለ በኋላ ባሉት ዓመታት ላይ ነው። ዛሬ ታካሚዋን የሚያስቸግራቸውን ነገር ወደ ኋላ ብንከተለው፣ አብዛኛው የሚያደርሰን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደተደረገ ወይም ሳይደረግ ወደቀረ ነገር ነው።

የጠፋው ወረቀት

ሆስፒታል ሲደርሱ ቀኝ እግራቸው ወደ 3 ሴንቲ ሜትር አጥሯል፣ ወደ ውጪ ዞሯል፣ ጭናቸው ከጉልበት በላይ አብጧል። ቆዳው አልተቀደደም። በእንዲህ ዓይነት ስብራት መጀመሪያ የሚዳሰሰው የእግር ትርታ ነው። የባት ጡንቻ የሚነሳው ከጭን አጥንት የታችኛው ጫፍ ኋላ ስለሆነ፣ አጥንቱ ሲሰበር የታችኛውን ስባሪ ይጎትተዋል፤ የስባሪው ሹል ጫፍም ወደ ኋላ፣ በጉልበት ማጠፊያ ውስጥ ወደሚያልፈው ትልቅ የደም ሥር ይዞራል። የእሳቸው ትርታ በሁለቱም እግር እኩል ነበር፤ ጣቶቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ሲነኩም ይሰማቸዋል።

ቀጥሎ የተፈለገው የቀድሞው ቀዶ ሕክምና ማስታወሻ ነው። የተተከለው መገጣጠሚያ ዓይነትና መጠን ካልታወቀ የሚቀጥለውን ቀዶ ሕክምና ማቀድ አይቻልም፤ ምክንያቱም በጭን አጥንት ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የሚገባው ብረት መሃሉ ክፍት ወይም ዝግ ሊሆን ይችላል። ክፍት ከሆነ በዚያ በኩል ረጅም ዘንግ ወደ መቅኔው ማስገባት ይቻላል። ዝግ ከሆነ ያ አማራጭ ከገበታው ይነሳል። ወረቀቱ እስኪገኝ 2 ቀን ሄደ። ለአንዲት አልጋ ላይ ለተኛች አዛውንት 2 ቀን ቀላል አይደለም፤ ሳንባ ይታፈናል፣ መቀመጫ ይቆስላል፣ ደም በእግር ሥር ይረጋል፣ አእምሮ ይደናገራል። በአረጋውያን ላይ የሚደርሰው ይህ ስብራት የሚያስከትለው የሞት መጠን ከዳሌ ስብራት ጋር የሚቀራረብ ነው፤ አጣዳፊነቱም እንደዚያው መታየት አለበት።

ራጁ ላይ የታየው

ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ሙሉው እግር ከፊትና ከጎን ተነሳ። ጉልበቱን ብቻ ማንሳት የተለመደ ስህተት ነው። ከላይ ዳሌ ላይ ሌላ ብረት ካለ፣ ወይም አጥንቱ ከላይ የተጣመመ ከሆነ፣ ዕቅዱ በሙሉ ይለወጣል። እሳቸው ዳሌያቸው ላይ ምንም አልነበረም።

የስብራቱ መስመር የሚጀምረው ከብረቱ የፊት ክንፍ የላይኛ ጠርዝ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ይሄዳል። በአጥንቱ የውስጥ ጎን ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች አሉ፤ ማለትም በዚያ በኩል ክብደት የሚሸከም ግድግዳ የለም። ይህን የሚያክል ፍንጭ ግን ብዙ ጊዜ ዓይን ሳይሰጠው ያልፋል። በሰው ሠራሽ ጉልበት ዙሪያ የሚደርሱ ስብራቶችን የሚለየው ሱ የተባለው ምደባ፣ ከብረቱ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ላይ የሚሄደውን ይህን ስብራት ሁለተኛ ዓይነት ይለዋል፤ በሉዊስና ሮራቤክ ምደባም ሁለተኛው ነው፦ ስባሪው ከቦታው ለቋል፣ መገጣጠሚያው ግን አልላላም።

«አልላላም» የሚለውን በእርግጠኝነት ለማለት ሦስት ነገር ታይቷል። ታካሚዋ ከመውደቃቸው በፊት ጉልበታቸውን ያማቸው እንደሆነ ተጠየቁ፤ አያማቸውም ነበር። የድሮ ራጆች ከአዲሱ ጎን ተዘርግተው ሲነጻጸሩ ብረቱ ቦታውን አልለወጠም። የብረት ነጸብራቅን በሚቀንስ ሲቲ ስካን ደግሞ በሲሚንቶውና በአጥንቱ መካከል ጥቁር መስመር አልታየም። የላላ መገጣጠሚያ ላይ ፕሌት (ስባሪዎቹን በብሎን የሚይዝ ጠፍጣፋ ብረት) ማሰር ለተከራየ ቤት ጣሪያ እንደ መቀየር ነው፤ ወጪው ይወጣል፣ ቤቱን ግን መልቀቅ አይቀርም።

የድሮው የጎን ራጅ ሌላም ነገር አሳይቷል። ከ9 ዓመት በፊት አጥንቱ ሲቆረጥ መጋዙ የፊተኛውን ግድግዳ ጥቂት ገብቶበታል። እንዲህ ያለው ጭረት አጥንቱ ለመጠምዘዝና ለመታጠፍ ያለውን ጥንካሬ እንደሚቀንስ በላቦራቶሪ ሙከራ ይታወቃል። በታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን አይስማሙም። እዚህ ዋናው ጥፋተኛ ፕሬድኒሶሎኑና የሳሳው አጥንት ናቸው ብሎ መናገር ይሻላል። ከቆመበት ከፍታ በመውደቅ ብቻ የሚሰበር ጭን፣ ሌላ ምርመራ ሳይጠብቅ ራሱ የኦስቲዮፖሮሲስ (የአጥንት መሳሳት) ማስረጃ ነው።

ለምን ፕሌት ተመረጠ፣ ምንስ ጎደለው

ወረቀቱ ሲገኝ ብረቱ መሃሉ ዝግ ሆኖ ተገኘ፤ ስለዚህ ከጉልበት ወደ ላይ የሚገባ ዘንግ አልሆነም። የቀረው ምርጫ ወይ ብሎኖቹ ከራሱ ጋር የሚቆለፉ የውጪ ጎን ፕሌት ማሰር፣ ወይ የጭኑን የታችኛ ጫፍ ከነመገጣጠሚያው አውጥቶ በትልቅ ብረት መተካት ነበር። መተካቱ በማግስቱ ሙሉ ክብደት ለማሳረፍ ያስችላል። ነገር ግን ቢመረቅዝ የሚቀጥለው አማራጭ አንዳንዴ እግር መቁረጥ ይሆናል። መገጣጠሚያው ጠንካራ ሆኖ ሳለ ወደዚያ መሄድ አልተፈለገም። ምርጫው ትክክል ነበር እንላለን። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነበር።

ፕሌቱ በሦስተኛው ቀን ታሰረ፤ 5 ብሎን በታችኛው ስባሪ፣ 6 በላይኛው። ሦስት ነገሮች ግን አልተሟሉም።

የመጀመሪያው፣ የታችኛው ስባሪ ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ጉልበቱ ወደ 30 ዲግሪ ታጥፎ፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ልክ ከስብራቱ ሥር ሲገባ የባቱ ጉተታ ይላላል። ጥቅሉ ግን ዝቅ ብሎ ከጉልበቱ ሥር ስለተቀመጠ ስባሪው 7 ዲግሪ ወደ ኋላ እንደተቀለበሰ ታሰረ። በቀዶ ሕክምና ክፍሉ የራጅ ማያ ላይ ትንሽ የሚመስል 7 ዲግሪ ነው። ለታካሚዋ ግን ጉልበቱ ከሚታጠፍበት ስፋት ላይ 7 ዲግሪ ተቆርጦ ወደ ኋላ መለጠጥ ሆነባቸው።

ሁለተኛው፣ በውስጥ ጎን ያለው ባዶ ቦታ ምንም አልተደረገለትም። በዚያ በኩል ደጋፊ ሳይኖር በውጪ ጎን አንድ ፕሌት ብቻ መኖሩ፣ በአንድ በኩል ብቻ የታሰረ መደርደሪያ ማለት ነው፤ ክብደት ባረፈበት ቁጥር ወደ ውስጥ ያዘነብላል።

ሦስተኛው ብሎኖቹ የገቡበት ቦታ ነው። ለስብራቱ ቅርብ የሆኑት ቀዳዳዎች ሁሉ ተሞሉ። ሲታይ ጥብቅ ይመስላል። ሆኖም ፕሌቱ እንዲለመጥ የተተወለት ርዝመት አጭር ስለሆነ፣ እያንዳንዱ እርምጃ የሚፈጥረው መታጠፍ በአንዲት አጭር ቁራጭ ብረት ላይ ይከማቻል። በስብራቱ ዙሪያ ጥቂት ቀዳዳዎችን ባዶ መተው፣ ብሎኖቹንም አራርቆ ማስገባት ውጥረቱን ያሰራጨዋል፤ አጥንት ድልድይ እንዲሠራ የሚያስፈልገውን ጥቂት እንቅስቃሴም ይፈቅዳል። ሽቦን በሁለት ጣት ጠበቅ አድርጎ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚያጥፍ ሰው ሽቦው የት እንደሚበጠስ ያውቃል።

ከዚያ በኋላ የተሰጠው ትእዛዝ ለ6 ሳምንት «ጣትሽን ብቻ አስነኪ» የሚል ነበር። በወጣት ይሠራል። ሁለቱ እጆቻቸው በሩማቶይድ ለተያዙ የ74 ዓመት እናት ግን ክራንች ላይ ተንጠልጥሎ አንድን እግር ከመሬት እንዳልነካ ማስቀረት የማይቻል ነው። ስለዚህ አልጋና ወንበር ላይ ከረሙ። የፊት ጭን ጡንቻቸው በ6 ሳምንት ውስጥ ዓይን እያየው ከሳ፤ ከጉልበት ሎሚ በላይ ያለው ጡንቻም ከአጥንቱ ጋር ተጣበቀ።

ሰባተኛው ወር

በ3ኛው ወር ራጅ ላይ በውስጥ ጎን ጥቂት አዲስ አጥንት ሲታይ በፕሌቱ በኩል ምንም አልነበረም። ታካሚዋ እግራቸውን ሲያሳርፉ ያማቸዋል። በ5ኛው ወርም ለውጥ የለም። በ7ኛው ወር ከወንበር ሲነሱ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰሙና እግራቸው ተጣመመ። ፕሌቱ ልክ በስብራቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ በኩል ተሰንጥቋል፤ ጉልበቱ 12 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዘንብሏል።

ብረት ሲሰበር ጥፋቱን ሁሉ በብረቱ ላይ መጣል ይቀናል። የተሰበረ ፕሌት ግን ብዙ ጊዜ መልእክተኛ ነው፤ የሚነግረን አጥንቱ እንዳልገጠመ ነው። ስለዚህ ለምን አልገጠመም የሚለው ተጠየቀ። የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁልጊዜ ኢንፌክሽን ነው፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ። ሩማቶይድ ባለበት ሰው ሲአርፒና ኢኤስአር (ብግነትን የሚጠቁሙ የደም ምርመራዎች) ከፍ ብለው ሊገኙ ስለሚችሉ ብቻቸውን አይበቁም። አንቲባዮቲክ ሳይወስዱ 2 ሳምንት ከቆዩ በኋላ ከጉልበቱ ፈሳሽ ተቀዳ። ነጭ የደም ሕዋሱ በማይክሮ ሊትር 900 ሆነ፤ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ ለከረመ ኢንፌክሽን ጥርጣሬ የሚያስነሳው ከ3000 በላይ ሲሆን ነው። ናሙናው ለ14 ቀን እንዲቆይ ተደረገ፤ በዝግታ የሚያድጉ ጀርሞች በ5 ቀን ውስጥ አይታዩምና። ምንም አልበቀለም።

ሌላው ምርመራ ግን አንድ ነገር አገኘ። ቫይታሚን ዲ በሚሊ ሊትር 11 ናኖ ግራም፣ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲንም ዝቅተኛ። ይህ ደም በመጀመሪያው ሳምንት ሊመረመር ይችል ነበር። አልታዘዘም። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከጎደሉት ነገሮች ሁሉ ርካሹና ቀላሉ ይኸኛው ነው፤ ለዚህም ነው ያለ ሰበብ መጻፍ ያለበት።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና

ቫይታሚኑና ምግቡ ሲስተካከል 1 ወር ወሰደ። በ8ኛው ወር የተሰበረው ፕሌት ወጣ፤ ከስብራቱ ዙሪያ 5 ናሙና በተለያየ ንጹሕ መሣሪያ ተወሰደ (ሁሉም ኋላ ላይ ንጹሕ ሆነዋል)፤ በመካከል የበቀለው ጠባሳ ተጠርጎ አጥንቱ ደም እስኪያወጣ ድረስ ጫፎቹ ተቆረጡ። ከዳሌ አጥንት የተወሰደ ንቅለ አጥንት በውስጥ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ተሞላ። በውጪ ጎን ረጅም አዲስ ፕሌት፣ በውስጥ ጎን ደግሞ ሁለተኛ ፕሌት ታሰረ። በውስጥ በኩል መግባት ይፈራል፤ ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ትልቁ የጭን ደም ሥር በዚያው ጎን ወርዶ ወደ ኋላ ይዞራልና። ቀዶ ጥገናው ታች፣ ከጡንቻው ሥር ከተካሄደና ወደ ላይ ካልወጣ ግን አስተማማኝ መንገድ አለው።

የተቀለበሰው ስባሪ ከ7 ወደ 3 ዲግሪ ተመለሰ። ማዘንበሉ ጠፋ። የአጥንቱ ጫፎች ስለተቆረጡና አንዱ በሌላው ላይ ስለተጫነ እግሩ 2 ሴንቲ ሜትር አጠረ። ይህ ታውቆና ተመዝኖ የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ርዝመቱን ለመጠበቅ ክፍተት ትቶ ዳግመኛ እንዳይገጥም ከማድረግ አጥሮ መግጠሙ ይበልጣል።

በዚህኛው ጊዜ ሁለቱም ጎን ስለተደገፈ በማግስቱ በዎከር (ባለ አራት እግር መደገፊያ) የቻሉትን ያህል እንዲያሳርፉ ተፈቀደ። 6 ወር ሲሞላ፣ ማለትም ከወደቁ በ14ኛው ወር፣ በሁለት አቅጣጫ ከሚታዩት 4 የአጥንት ግድግዳዎች በ3ቱ ላይ ድልድይ ታየ። መዝገቡ ላይ «ገጥሟል» ተብሎ ተጻፈ።

ከገጠመ በኋላ

በዚያ ቀን ታካሚዋ ጉልበታቸው ከ5 እስከ 85 ዲግሪ ብቻ ይታጠፍ ነበር። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከዕለት ኑሮ ጋር ማስተያየት ያሻል። በሜዳ ላይ ለመራመድ ወደ 65 ዲግሪ ይበቃል። ደረጃ ለመውጣት ወደ 83 ያስፈልጋል። ከተራ ወንበር በሁለቱም እግር ለመነሳት 90ን ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ እኚህ እናት ይራመዳሉ፣ ደረጃም በጭንቅ ይወጣሉ፤ ከመጸዳጃ መቀመጫ ላይ ግን ያለ ሰው እጅ መነሳት አልቻሉም። ለእሳቸው ከስብራቱ ሁሉ የከበዳቸው ይኼው ነበር። ሐኪም ሲመጣ ስለ ሕመም ይጠየቃሉ፤ ስለ መጸዳጃ ቤት ግን የጠየቃቸው አልነበረም፣ እሳቸውም ያፍራሉ። ነገሩን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የነገረቻት ሴት ልጃቸው ናት።

መፍትሔው ጉልበቱ ውስጥ አልነበረም። በማደንዘዣ አስተኝቶ ጉልበቱን በኃይል ማጠፍ ለተራ የጉልበት ድርቀት ይደረጋል፤ እዚህ ግን አዲስ በገጠመና በሳሳ አጥንት ላይ ከሆነ አጥንቱን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ቤቱ ተለወጠ። የመጸዳጃው መቀመጫ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ማሳደጊያ ተገጠመ፤ በሁለቱም ጎን ግድግዳው ላይ የተመታ መያዣ ብረት ገባ። የሚቀመጡበት ወንበር መቀመጫው ከጉልበታቸው ማጠፊያ በላይ እንዲሆን እግሮቹ ተቀጠሉ፤ ክንድ ማሳረፊያም ያለው ሆነ። ሲነሱ ቀኝ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው ክብደቱን በግራ እግርና በሁለቱ እጆች እንዲያነሱ ተለማመዱ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ብቻቸውን መነሳት ጀመሩ።

2 ሴንቲ ሜትሩን በአንድ ጊዜ ማካካስ አይገባም። በጫማ ውስጥ የሚገባ ነገር ከ1 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ተረከዝን ከጫማ ያወጣል፤ ቀሪው ከሶሉ ሥር መጨመር አለበት። በግማሽ ሴንቲ ሜትር ተጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እየተጨመረ 1.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። የመጨረሻው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሆን ተብሎ ተተወ፤ ደረቅ ጉልበት ያለው እግር ጥቂት አጠር ካለ ወደፊት ሲወረወር ጣቱ መሬት አይነካም። ከፍታው የተጨመረው በቤት ጫማቸውም ላይ ጭምር ነው። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ አዛውንት ግን ቀኑን አብዛኛውን የሚያሳልፈው በቤት ጫማ ነው።

የፊት ጭን ጡንቻ መልመጃው አሰልቺ ቢሆንም ትልቁን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው። ከፍ ካለው ወንበር ተነስቶ መቀመጥ፣ 5 ጊዜ በአንድ ዙር፣ በቀን 3 ዙር። አልጋ ላይ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ እግርን ማንሳት። ክብደቱ የሚጨመረው 5ቱ ሳያለከልኩ ሲጠናቀቁ ብቻ ነው። መሻሻሉ የተለካው በአንድ ሰዓትና በአንድ ወንበር ነበር፦ ተነስቶ 3 ሜትር ሄዶ ዞሮ መጥቶ መቀመጥ። በ14ኛው ወር 38 ሰከንድ ፈጀባቸው፣ በ2ኛው ዓመት 21። ከ12 ሰከንድ በላይ የሚፈጅበት አረጋዊ የመውደቅ አደጋ አለበት ተብሎ ስለሚቆጠር፣ 21 መሻሻል ቢሆንም ደኅንነት አይደለም። ምርኩዙም ቢሆን ትርጉም የሚኖረው በግራ እጅ፣ ማለትም በጤነኛው እግር በኩል ሲያዝ ነው፤ ቁመቱም ክንድ ሲንጠለጠል የእጅ አንጓ ላይ መድረስ አለበት። እሳቸው ለ4 ወር በቀኝ ይዘውት ነበር፤ ያየ ሁሉ የታመመውን እግር መደገፉ ትክክል መስሎት ዝም አለ።

የአከርካሪው ስብራት

ከሁለተኛው ቀዶ ሕክምና በኋላ የአጥንት ጥግግት ተለካ። የሚለካው ብረት በሌለበት በግራ ዳሌና በወገብ አከርካሪ ነው። ቲ ስኮሩ (ጥግግቱን ከጤነኛ ወጣት አጥንት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) ከዜሮ በታች 3.1 ሆነ። በ9ኛው ወር በየ6 ወሩ ከቆዳ ሥር የሚወጋ 60 ሚሊ ግራም ዴኖሱማብ የተባለ የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ተጀመረ፤ ከመጀመሩ በፊት የካልሲየም መጠንና ኩላሊት ታይቷል። ካልሲየም ከምግብ ጋር ተደምሮ በቀን 1200 ሚሊ ግራም እንዲደርስ፣ ቫይታሚን ዲ በቀን 1000 ዩኒት እንዲሆን ተደረገ።

4 መርፌ በጊዜው ተወጋ። አምስተኛው በ33ኛው ወር ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ ታካሚዋ ወደ ልጃቸው ቤት ተዛውረዋል፤ አዲሱ ሐኪም የተሰጠው ዝርዝር ላይ ደግሞ በየቀኑ የሚዋጡ መድኃኒቶች እንጂ በየ6 ወሩ የሚወጋው አልነበረም። አጥንቱ ገጥሟል፣ ጉልበቱ አያምም፣ ስለዚህ ያስታወሰው አልነበረም። በ38ኛው ወር አልጋ ሲያነጥፉ ወገባቸውን ወጋቸው። ራጁ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች እንደተጨፈለቁ አሳየ።

የዚህ መድኃኒት ጠባይ እንዲህ ነው። ሲወሰድ አጥንት የሚበሉትን ሕዋሳት ያስራቸዋል። መርፌው ሲቋረጥ እነዚያ ሕዋሳት በብዛትና በረሃብ ይፈታሉ፤ የተገኘው ጥግግት በዓመት ውስጥ ይጠፋል፣ አከርካሪም በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ቦታ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ መርፌው ከ6 ወር በላይ መዘግየት የለበትም፤ ቢዘገይ እንኳን 7 ወርን ማለፍ የለበትም። ማቆም ከተፈለገም ሌላ መድኃኒት፣ ለምሳሌ 5 ሚሊ ግራም ዞሌድሮኒክ አሲድ በደም ሥር፣ ተከታይ ሆኖ ሊገባ ይገባል። ዝም ብሎ የሚቆም አይደለም።

እዚህ ላይ ነው የጉልበቱ ስብራት ሁለተኛ ገጽታው የሚታየው። ጉልበቱ በራሱ ወደ አከርካሪው አልተዛመተም። ግን ታካሚዋ ከቤታቸው የተዛወሩት በጉልበቱ ምክንያት ነው፤ በዝውውሩ መካከል መርፌው ጠፋ። ከአከርካሪው ስብራት በኋላ ጎበጥ አሉ፣ ለ2 ወር መልመጃው ተቋረጠ፣ የ3 ሜትሩ ጉዞ ወደ 27 ሰከንድ ተመለሰ። ከቤት መውጣትም ፈሩ። የመውደቅ ፍርሃት ራሱ ሰውን ያስቀምጣል፤ መቀመጡ ጡንቻን ይበላል፤ የከሳ ጡንቻ ደግሞ ይጥላል።

5ኛው ዓመት

ታካሚዋ አሁን 79 ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ከ5 እስከ 88 ዲግሪ ይታጠፋል። ቤት ውስጥ በምርኩዝ፣ ውጪ በዎከር ይሄዳሉ። የ3 ሜትሩ ጉዞ 19 ሰከንድ ነው። ብርድ ሲሆን ፕሌቶቹ ባሉበት ያማቸዋል፤ ፓራሲታሞል ይበቃቸዋል። በፕሬድኒሶሎን ላይ አይቡፕሮፌንን የመሰለ መድኃኒት መጨመር የጨጓራ መድማት አደጋን ስለሚያበዛ ተከልክሏል።

በየዓመቱ የሚነሳው ራጅ ሦስት ቦታ ይታያል። አንደኛው በቅልጥሙ አናት ላይ ያለው ብረት ነው። በ4ኛው ዓመት በውስጥ ጎን፣ በሲሚንቶውና በአጥንቱ መካከል ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጥቁር መስመር ታየ። ቦታው ትርጉም አለው፤ ፕሌቱ ተሰብሮ እግሩ ወደ ውስጥ ባዘነበለ ጊዜ ክብደት ሁሉ ያረፈው በዚያው ጎን ነው። መስመሩ በ5ኛው ዓመት አልሰፋም። ከሰፋ ወይም ሕመም ከጀመረ መላላት ነው። ማነጻጸሩ ዋጋ የሚኖረው ራጁ ሁልጊዜ በቆሙበት፣ በአንድ ዓይነት አቀማመጥ ከተነሳ ብቻ ነው፤ እግሩ ጥቂት ከዞረ የሌለ መስመር ይታያል፣ ያለውም ይጠፋል።

ሁለተኛው በላይኛውና በታችኛው ብረት መካከል ያለው ፖሊኤቲሊን ፕላስቲክ ነው፤ ውፍረቱ በሁለቱም ጎን እኩል መሆኑ ይለካል። 3 ዲግሪው መቀልበስ አሁንም አለ፤ ጭነቱ ከፕላስቲኩ ፊት ያርፋል።

ሦስተኛው የውጪው ፕሌት የላይኛ ጫፍ ነው። ግትር ብረት የሚያልቅበትና የሳሳ አጥንት የሚጀምርበት ቦታ፣ ቀጣዩ ውድቀት አጥንቱን የሚሰብርበት ቦታ ነው። አንድ ቀን ቀኝ ዳሌያቸው ቢሰበር ከላይ የሚገባው ብረትና ከታች ያለው ፕሌት በመካከላቸው አጭር ባዶ አጥንት ትተው መቆም የለባቸውም፤ እርስ በርስ መደራረብ አለባቸው። ይህ ከአሁኑ ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ነገር ነው፤ በሌሊት ተረኛ የሆነ ሐኪም በራሱ እንዲደርስበት መጠበቅ አይገባም።

ሌላው የማይቋረጥ ክትትል ኢንፌክሽን ነው። ያ ሁሉ ብረት ያለበት እግር፣ የሩማቶይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ የእግር ጣት ቁስል፦ ጀርም በደም ተጉዞ ከዓመታት በኋላም ጉልበት ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። ጉልበቱ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ካመመ፣ ፈሳሽ ሳይቀዳ አንቲባዮቲክ መጀመር የለበትም። አንድ ፍሬ ክኒን የምርመራውን ውጤት ሊያበላሸው ይችላል።

ዴኖሱማቡ ከአከርካሪው ስብራት በኋላ እንደገና ተጀምሯል። ሴት ልጃቸው አሁን በቦርሳዋ አንዲት ካርድ ትይዛለች። በአንዱ ገጽ የጉልበቱ ዓይነትና መጠን፣ መሃሉ ዝግ መሆኑ፣ የሁለቱ ፕሌቶች ርዝመትና የብሎን ቁጥር ተጽፏል። በሌላው ገጽ የመጨረሻው መርፌ ቀን አለ፤ ከሥሩም የሚቀጥለው።